አረንጓዴ መብራትና የኔ አፍንጫ

የካቲት 10 ቀን 2006 ዓ.ም.

ዛሬ ውበቱን በሰው ፊት አስጮህኩበት። የጮህኩት እኔ አይደለሁም፤ ዕቃዋ ናት።

ውበቱ የኛ «አንድ» ነው። ለስደት ተመላሾች የተከፈተው የኤሌክትሮኒክስ ሥልጠና ውስጥ አንድ ለአምስት ስንደራጅ እሱ አንድ ሆነ፣ እኛ አምስት ሆንን። ከዚያን ቀን ወዲህ ሲራመድ ደረቱ ቀድሞት ይሄዳል። ዛሬ ጠዋት ስለ ሰዓት ማክበር ሲያደርቀን፣ ከጅዳ ያመጣኋትን ነጭ ዕቃ ከቦርሳዬ አወጣሁና «ድምፅህ ለኋላ ሰዎች አይሰማም፣ በማይክ ተናገር» ብዬ አፉ ሥር ደቀንኩለት። ሲተነፍስባት ጮኸች። ጩኸት ነው እንዴ! የመካነ ሰላም ውሻ ሁሉ መለሰላት።

«ለሙሽራው ጤና አንዲት መለኪያ ብቻ ነች!» አለ ውበቱ፣ ማንም ሳይጠይቀው። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ለካ ትናንት ሠርግ አምሽቶ አረቄው ገና ትንፋሹ ላይ ነበር።

ዕቃዋ እሠራበት የነበረው ቤት ኩሽና ግድግዳ ላይ ጋዝ ሲያፈተልክ እንድትጮህ የተሰቀለች ናት። ፖሊስ ሊወስደን የመጣ ቀን ነቅዬ ሻንጣዬ ውስጥ ከተትኳት። ሌላው ወርቅ ሲያሽግ እኔ እሷን። ለምን እንደሆነ አሁን አልጽፍም። ስሟን «ጅዳ» ብያታለሁ።

ቲቸር ቸኮል በጩኸቱ ሮጦ ገባ። ሊቆጣኝ ነው ብዬ አንገቴን ስቀብር ዕቃዋን ነጥቆኝ አገላብጦ አያት። «ይህቺ እኮ አፍንጫ ናት!» አለ። ዓይኑ ሲበራ አላማረኝም።


የካቲት 14

ቲቸር እንቅልፍ አጥቷል። ከዞን «ቴክኖሎጂ አሸጋግሩ» የሚል ቁጣ በየሳምንቱ ይደርሰዋል። አምና ያሸጋገርነው ባለ ሦስት እግር በርጩማ ነበር። ዘንድሮ ግን የኤሌክትሮኒክ አፍንጫ ሠርተን መጋቢት መጨረሻ ለሚመጣው የውድድር ኮሚቴ እናሳያለን።

የምታሸትተው የነቀዝ ኪኒን ነው። እዚህ አገር ነጋዴ እህሉን ነቀዝ እንዳይበላበት ኪኒን ይከትበታል። ኪኒኑ መጋዘኑ ውስጥ ቀስ እያለ ጋዝ ይሆናል፤ ጋዙ ነቀዙን ይገድላል፤ አጠገቡ የተኛውንም ሰው አይምርም። ስንት ሰው ተኝቶ ቀርቷል! ሰው የሚያውቀው መላ አንድ ነው፤ በር ከፍቶ፣ አንገቱን አስገብቶ ማሽተት። ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ካለው ጋዙ አልጠፋም ማለት ነው።

የጅዳ ሴንሰር የኪኒኑን ጋዝ ሲያገኝ ቁጥር ይሰጠናል። የትኛው ቁጥር «ሽታ አለ»፣ የትኛው «ጠፍቷል» እንደሆነ ግን ራሷ አታውቅም። የሰው አፍንጫ ነው የሚያስተምራት።

«ማን ያሽትት?» አለ ቲቸር።

ሁሉም ወደኔ ዞሩ። የገዛ ጥፋቴ ነው። ባለፈው ወር ዓይኔን በሻሽ አሳስሬ «አንቺ ከወፍጮ ቤት ነሽ፣ አንተ ከሥጋ ቤት ነህ» እያልኩ አስገርሜያቸዋለሁ። ሻሹ ስስ ነበር። ዱቄቱንም ደሙንም አይቼዋለሁ።

«ኡምኩልሱም ዋና አሽታች!» ተባለ፤ ተጨበጨበልኝ።

እምቢ ማለት ነበረብኝ። እምቢ ሲሉ ግን ምክንያት ይጠየቃል። ከአውሮፕላን የወረድኩ ቀን ሁለት ነገር ጠፍቶብኝ ነበር፤ ሻንጣዬና አፍንጫዬ። ሻንጣው በሳምንቱ ተገኘ።


የካቲት 20

ሽሮ አሳረርኩ። እማ በርበሬዋን ልትሸጥ ገበያ ሄዳ፣ እኔ ምድጃው አጠገብ ቁጭ ብዬ የውበቱን አካሄድ ለጎረቤት ልጆች እያሳየሁ ነበር። ጢሱን በዓይኔ ሳየው ድስቱ ከሰል ሆኗል። ልጆቹ ከቅድም ጀምሮ አፍንጫቸውን ይዘው ይስቁ ነበር፤ እኔ በኔ ቀልድ መስሎኛል።

እማ ስትመጣ «ምነው ኩልሱሜ?» አለችኝ።

«ሆን ብዬ ነው። ያረረ ሽሮ ለሆድ ትል ፍቱን ነው ብላለች ራዲዮ።»

አየት አደረገችኝና ድስቱን በአመድ መፈግፈግ ጀመረች። እማ ድሮ እንደዚህ ያለ ነገር ላይ እንጨት ታነሳብኝ ነበር። አሁን አትቆጣም፤ ግን አላመነችኝም መሰለኝ፣ ኩሽና ብቻዬን አትተወኝም። ወተቱን ራሷ አፍልታ ራሷ ታስቀምጠዋለች። ትናንት ልብሴን ከሳጥን ሳወጣ ነጥቃኝ «ይህ ፀሐይ ያስፈልገዋል» ብላ አሰጣችው። እንደ ሕፃን። ያበሳጫል።

ጎረቤታችን እትዬ የሺእመቤት ደግሞ በአጥር በኩል ለእማ ስትነግራት ሰማሁ፦ «ከዚያ አገር የሚመጡት ሁሉ የሆነ ነገራቸው ጎድሎ ነው እቴ የሚመጡት። አንዷ ጥፍሯ፣ አንዷ ልቧ። ያንቺዋስ አልሐምዱሊላህ በዪ፤ ምላሷም አልቀነሰ።»

እማ በርበሬዋን መቀንጠስ ጀመረች።

«ሂጂ» ያለችኝ እማ ናት። ስምንተኛ ክፍል ሳልጨርስ ፓስፖርቴን በእጇ ሰጠችኝ። ሲነጋ ሲመሽ በርበሬ የምታሸትት ሴት፣ ጥሩውን ካሮጌው በአፍንጫዋ ብቻ የምትለይ ሴት። ይህን ብታውቅ... አታውቅም። አለቀ።


የካቲት 26

የመጀመሪያ ማሽተት። የኮሌጁ አሮጌ ዕቃ ቤት ውስጥ ጆንያ ስንዴ ደርድረን፣ ኪኒን ከተን፣ በሸራ አፍነን ቆየን። ዛሬ ሸራው ተገፈፈ። ቲቸር ውስጥ ካለችው ጅዳ ረጅም ሽቦ ስቦ ውጭ ተቀምጦ በቴስተር ቁጥር ያነብባል፤ እሱ ሲጋራ ስለሚያጨስ «የኔ አፍንጫ ለሳይንስ አይሆንም» ብሏል። እኔና ውበቱ በተራ በር ላይ ቆመን እናሸትታለን።

መላ አገኘሁ። ውበቱ ቀድሞ ያሽትት፤ እኔ ፊቱን አያለሁ። ቅንድቡ ሲሰበሰብ «ከባድ»። አፉን ሲያጣምም «መካከለኛ»። ጆሮውን ሲያክ «ትንሽ አለ»።

«ሁለታችሁም አንድ ዓይነት!» አለ ቲቸር በደስታ። «ይህ ነው ሳይንስ!»

«አፍንጫዋ እንደኔ ነው» አለ ውበቱ፤ ጅዳ ከጮኸችበት ቀን ወዲህ ደግ ቃል የተናገረኝ ዛሬ ነው። ዓይን ዓይኑን አየሁት። የዋህ ነው እኮ ይህ ልጅ።


መጋቢት 2

ውበቱ ጉንፋን ያዘው! የአፍንጫው ሁለት ቀዳዳ ሙሉ በሙሉ ተደፍኗል። ነገ ብቻዬን ነኝ። ያረቢ።


መጋቢት 3

አሸተትኩ።

በሩ ላይ ቆምኩ፣ አንገቴን አስገባሁ፣ ሳብኩ። ብርድ ብቻ ገባኝ። ጅዳ አገር ካለው መታጠቢያ ቤት ወዲህ ለኔ ዓለም ሁሉ ብርድና ሙቀት ናት።

«እህ?» አለ ቲቸር ከውጭ።

«መካከለኛ» አልኩ።

ከሰዓት በኋላ ደግሜ ገባሁ። ቲቸር ሰዓቱን ያያል፤ ደመናው ከብዷል፤ ሽቦው ዝናብ እንዳይነካው ፈርቷል። ፊቱን ባየው ምን ዋጋ አለው፤ እሱ አያሸትትም። ግምቴን ከየት ላምጣ? ትናንት ሦስት ጊዜ በር ተከፍቷል፣ ነፋስ ነበር፣ መቼም ወጥቷል አልኩ በሆዴ።

«ጠፍቷል» አልኩ።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«አፍንጫዬን ትጠራጠራለህ እንዴ ቲቸር? የቁርስህን ሽንኩርት ልንገርህ?» ሁሉም ሳቁ።

ቁጥሩን ጻፈው።

ውሸት የተናገርኩት ለጨዋታ ቢሆን ኖሮ አሁን እየሳቅኩ እጽፍ ነበር።


መጋቢት 8

ጅዳ አዲስ ቀሚስ ለበሰች፤ የቀለም ቆርቆሮ ቆርጠን ሣጥን ሠራንላት። ቲቸር ጩኸቷን አስነቀለኝ። «ኮሚቴው ይደነግጣል፤ መብራት ይበቃል» አለ። ባለፈው ሳምንት «ጠፍቷል» የተባለው ቁጥር ላይ ሲወርድ አረንጓዴ ይበራል። ከዚያ በላይ ቀይ። የተባለው እላለሁ። ያልኩት እኔው።

የጩኸቷን ክብ ቁራጭ ጣልኩት ብዬ ኪሴ ከተትኩት።


መጋቢት 13

ጉድ ፈላ። ኮሚቴው «በተግባር የዋለ» ቴክኖሎጂ ስለሚወድ ቲቸር ጅዳን ገበያው ዳር ላለው የሐጂ ሙሐመድአሚን መጋዘን ሰጣት። ሐጂ ስንዴና ባቄላ ይሰበስባሉ፤ ኪኒን ይከታሉ። የመጋዘኑ ጠባቂ አያ አራጌ ናቸው። ማረፊያቸው ከመጋዘኑ ጋር በአንድ ጭቃ ግድግዳ የተያያዘች ጠባብ ክፍል ናት፤ ግድግዳው ከላይ ጣሪያው ጋ ክፍት ነው። ኪኒን ሲገባ እሳቸው አልጋቸውን ትተው ውጭ በረንዳ ላይ ጋቢ ተከናንበው ያድራሉ፤ በዚህ ብርድ።

ጅዳን በዚያች ክፍል ግድግዳ ላይ እኔ በገዛ እጄ ሰቀልኳት። ሐጂ እጃቸውን ኋላ አድርገው አዩና፦

«በሉ እንግዲህ አራጌ፣ ከእንግዲህ ብርድ ቀረልዎ። አረንጓዴ ከሆነ ገብተው ይተኙ፣ ቀይ ከሆነ ይውጡ።»

«ማነው የሠራው?» አሉ አያ አራጌ።

«እኛ ነን» አለ ውበቱ፣ ደረቱ ቀድሞት።

«ይህቺ ሰይጣንም አለችበት?» ወደኔ ጠቆሙ። ጅዳ ከመሄዴ በፊት በረመዳን ጊዜ ጫማቸውን ከበጉ አንገት ላይ ያሰርኩባቸው አልለቀቃቸውም።

«አለሁበት አያ አራጌ። አንቱ እንዳይሞቱብን ብዬ ነው።»

«እኔስ ባንቺ ነው የምሞት» ብለው ሳቁ። ጥርሳቸው ሁለት ነው የቀረው፤ ሲስቁ ሁለቱንም ያሳያሉ።

ዞር ብዬ መብራቱን አየሁት፤ አረንጓዴ ነው።


መጋቢት 15

አያ አራጌን «ክፍልዎ ውስጥ እባብ አየሁ» አልኳቸው። በዱላ ሲፈልጉ ዋሉ። አላገኙም። ገቡ።


መጋቢት 16

ፍራሻቸው ላይ ውሃ ደፋሁ። «ዝናብ ነው ጣሪያው ያፈሰሰው» አልኩ። ዝናብ አልዘነበም ነበር። በጆሮዬ ጎትተው ለሐጂ ወሰዱኝ። ሐጂ ሌላ ፍራሽ ሰጧቸው፤ ከፊተኛው የሚሻል።


መጋቢት 18

የጅዳን ሽቦ ፈታሁት። ቲቸር መልሶ አሰረው። «ሁለተኛ ብትነኪው ከሥልጠናው ትወጫለሽ።»

ሐጂ ደግሞ «ኪኒኑ ረቡዕ ማታ ይገባል» ሲሉ ሰማሁ። ሐሙስ ኮሚቴው ይደርሳል፤ ዓርብ ውድድር።


መጋቢት 22

ዛሬ ለቲቸር ነገርኩት። ዓይኔን በጨው አጥቤ ቢሮው ገባሁ።

«ቲቸር፣ እኔ ሽታ አይሸተኝም። ከጅዳ ጀምሮ። ያ ቁጥር የኔ ግምት ነው።»

ቀና ብሎ አየኝ። ከንፈሩ ሲንቀጠቀጥ ጊዜ ሊጮህብኝ ነው አልኩ። በሳቅ ፈረሰ።

«ደግሞ ምን ልታመጪ ነው? እባቡ አልሠራ፣ ፍራሹ አልሠራ! አንቺ ልጅ አንድ ቀን ቁም ነገር ብትናገሪ ሰው ቀብር መስሎት ይሰበሰባል።»

እኔም አብሬው ሳቅኩ። ለምን ሳቅኩ? አላውቅም። ከቢሮው ስወጣ «ነገርኩት እኮ» አልኩ ለራሴ። መንገዱን ሙሉ «ነገርኩት እኮ፣ ነገርኩት እኮ» እያልኩ ነው ቤቴ የደረስኩት።

እንቅልፍ እምቢ ስላለኝ ያንን ነገር ልጻፈው። ሴትዮዋ እንግዳ ነበረባት። መታጠቢያ ቤቱን ቶሎ ጨርሺ አለችኝ። በረኪናውንና የሽንት ቤቱን አሲድ አንድ ላይ ደፋሁት። በላዩ ላይ የተጻፈ ነበር፤ በእንግሊዝኛና በማላነበው ዓረብኛ። ነጭ ጭስ ተነሳ። ዓይኔን፣ ጉሮሮዬን ቆረጠኝ። ብወጣ ሴትዮዋ ኮሪደር ላይ ቆማ «አልጨረስሽም» አለች። ተመለስኩ። ለምን ተመለስኩ? በሩን ዘግቼ ጨረስኩት። ኩሽና ስደርስ ወደቅኩ። ቀና ስል ጅዳ ግድግዳው ላይ ሆና ታየኛለች፤ ድምፅ የላት ምን የላት። ጋዝ እንጂ እኔን የታፈንኩትን ማሽተት አልተማረችም። «አፍንጫ ካለሽ ምነው አልጮህሽም» አልኳት። ለዚህ ነው የነቀልኳት። ሳስተምራት እኖራለሁ ብዬ ነበር መሰለኝ።

አስተማርኳትም።


መጋቢት 24

ረቡዕ። ኪኒኑ ገባ። አያ አራጌን «ዛሬ እማ ቤት ይደሩ፣ እንግዳ አለብን» አልኳቸው። «በጾም ማን እስላም ቤት ይጋብዘኛል፣ ምን ልታበይኝ ነው» ብለው ሳቁ። ደግነቱ ሰማዩ ጠርቶ ነበር፤ እንደ ልማዳቸው በረንዳ ላይ አነጠፉ። አልሐምዱሊላህ።


መጋቢት 25



ከምሳ በኋላ በረዶ ጣለ። የበልግ በረዶ፣ ዕንቁላል ዕንቁላል የሚያክል። ከተማው ሁሉ ጣሪያ ሥር ገባ። እኔ ኮሌጁ ደጃፍ ቆሜ ሳለሁ የአያ አራጌ በረንዳ ክፍት መሆኑ፣ ወደ ውስጥ እንደሚገቡ ትዝ አለኝ። ሮጥኩ። በረዶው ጭንቅላቴን ሲቀጠቅጠው አልተሰማኝም።

በሩ ተዘግቷል። ገፋሁት። አያ አራጌ አልጋቸው ላይ ናቸው፤ ግድግዳው ላይ አረንጓዴ ይበራል። ቀጥ ያለ፣ የሚያምር አረንጓዴ።

«አያ አራጌ ተነሱ!»

«ተይኝ ልጄ። ጾሙ ነው፤ ራሴን ፈለጠኝ። ሆዴም...»

አልጋው ሥር አስታውከዋል። በየዓመቱ ሁለት ወር ሙሉ የማይጾሙ ይመስል፣ ጾሙ ነው ይላሉ። ሳብኩ አየሩን። ብርድ። ብርድ ብቻ! ነጭ ሽንኩርት ይኑር አይኑር ለእኔ አንድ ነው። መብራቱ አረንጓዴ፣ አፍንጫዬ ባዶ፤ ማንን ልጠይቅ? አልጠየቅኩም። ብብታቸውን ይዤ ጎተትኳቸው።

«ደግሞ ጀመረሽ! በዚህ በረዶ!» ይሉኛል።

«አዎ ጀመረኝ! ይውጡ!»

በረንዳው ላይ ስናርፍ ከገበያ በርበሬዋን በፌስታል ሸፍና ስትሮጥ እማ ደረሰች። እንዴት መጣች? «ሮጠሽ ስታልፊ አየሁሽ» አለችኝ። በሩ ጋ ደርሳ አፍንጫዋን በነጠላዋ ጫፍ ያዘችና ወደ ኋላ አፈገፈገች።

«ያ አላህ! እንዴት ያለ ሽታ ነው! እናንተ ሰዎች፣ እዚህ ማን ይገባል?» ለኔ አልነበረም የተናገረችው። ዓይኗ ግን እኔ ላይ ነበር።

አያ አራጌን በባጃጅ ሐኪም ቤት ወሰድናቸው። ኦክስጅን ሰጧቸው። መሽቶ ስንወጣ ዓይናቸውን ገልጠው «ጋቢዬን በረዶ ላይ ጥለሽዋል» አሉኝ። ይኖራሉ። ይኖራሉ መሰለኝ።

ቲቸር ቸኮል ሐኪም ቤት በር ላይ ጠበቀኝ። ፊቱ አመድ ነው።

«ጾም ያዳከመው ሽማግሌ ነው። ሐኪሙም ገና አላረጋገጠም። ነገ ኮሚቴው ፊት ስለዚህ አትናገሪም።»

«ቲቸር፣ ነግሬህ ነበር።»

«ስትቀልጂ ነበር!»

«አዎ» አልኩ። «ስቀልድም ነግሬህ ነበር።»


መጋቢት 26

ኮሌጁ ሜዳ ላይ ድንኳን ተተክሏል። ከዞን የመጡት ሦስት ናቸው፤ መሪያቸው መነጽር ያደረገች ቆፍጣና ሴት። የሚገርመው የፕሮግራሙ ማሟሻ እኔ ነበርኩ፦ «የሰው አፍንጫና የኤሌክትሮኒክ አፍንጫ ግጥሚያ»። ዓይኔ ይታሰራል፤ ጅዳም እኔም ሦስት ኩባያ እናሸትታለን። ቲቸር ሌሊቱን ያሰበው ሌላ ነው፤ ውበቱ በጫማው መሬት እየመታ እንዲነግረኝ። አንድ ምት ናፍጣ፣ ሁለት ምት አረቄ፣ ምንም ካልመታ ውሃ። ስለዚህ አምኖኝ ነበር ማለት ነው። ትናንት ማታ አመነኝ።

ዓይኔ ታሰረ። ወፍራም ሻሽ ነበር ዛሬ።

የመጀመሪያው ኩባያ አፍንጫዬ ሥር ቀረበ። ውበቱ አንድ ጊዜ መታ።

«ውሃ» አልኩ።

ሳቅ። ሁለተኛው ቀረበ። ውበቱ ሁለቴ መታ፤ ቀስ ብሎ፣ እንደሚለምን።

«ውሃ።»

ድንኳኑ በሳቅ ፈረሰ። «ይህቺ ሰይጣን!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ሦስተኛው ሲቀርብ ውበቱ አልመታም። «ይህም ውሃ» አልኩና ሻሹን ከዓይኔ አወረድኩ።

«እየቀለድኩ አይደለም። እኔ አይሸተኝም። ጅዳን ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ያ አረንጓዴ መብራት የኔ ውሸት ነው። ትናንት አያ አራጌ በሱ ሥር ተኝተው ሊሞቱ ነበር።»

ሳቁ ባሰ! ወላሂ ባሰ። አራጌን ጾም ነው የጣላቸው የተባሉት ሐጂ ሙሐመድአሚን እንኳ ጺማቸውን ይዘው ይስቃሉ። እኔ በሕይወቴ ሰው ማሳቅ የምፈልገውን ያህል ያኔ ጠላሁት። መሪዋ ሴት ብዕሯን አስቀምጣ «ልጄ፣ ጊዜ አናባክን» አለችኝ።

ከሴቶቹ መቀመጫ አንድ ሰው ተነሳ። እማ ናት። እማ ስብሰባ ላይ ተናግራ አታውቅም። ነጠላዋን ሁለት ጊዜ አስተካከለች።

«እውነቷን ነው» አለች። «ልጄ አይሸታትም። ከመጣች ቀን ጀምሮ አይሸታትም። ሽሮው ሲያርር አታውቅም። ወተቱ ሲበላሽ አታውቅም። እኔ ነኝ የማሸትትላት። አፍሬ... አይ፣ እሷ እንዳታፍር ብዬ ዝም አልኩ። የላክኋት እኔ ነኝ።»

ማንም አልሳቀም።

እኔ የቆምኩበትን ረሳሁ። ወተቱ። ልብሱ። ድስቱን በአመድ። ስንት ወር!

መሪዋ ሴት ወደ ቲቸር ዞራ «ቁጥሩን ማን ነው ያረጋገጠው?» አለችው። «እኔ ነኝ ተቀብዬ የጻፍኩት» አለ ቲቸር። ለዚህ አመሰግነዋለሁ።

ሴትዮዋ ጅዳን አንስታ አየቻትና እንዲህ አለች፦ «ስሙ ሁላችሁም። ይህ ጋዝ ሰው ሳያሸትተውም ይገድላል። ደኅና አፍንጫም ቢሆን ዳኛ አይሆንም። በልክ የተሠራ መለኪያ ደሴ አለ፤ አስልክላችኋለሁ። እስከዚያው ኪኒን ከገባበት ግድግዳ ጋር የተያያዘ ቤት ውስጥ ማንም አይተኛ። አረንጓዴም ቢሆን፣ ሽታ ባይኖርም።»

ተሸነፍን። በርጩማው እንኳ አምና ሦስተኛ ወጥቶ ነበር።


ሚያዝያ 2

ከሥልጠናው አልወጣሁም። ቲቸር ያንን የቁጥር ወረቀት ቀዶ «እንደገና» አለ። ጩኸቷን ከኪሴ አውጥቼ ስሰጠው በነቀልኩበት ቦታ እንድመልሰው የመበየጃውን ሶልደር አቀበለኝ።

ውበቱ ያናግረኛል። «እግሬ እስኪያመኝ መታሁልሽ» ይላል።

ሐጂ የአያ አራጌን አልጋ ወደ ሱቃቸው ጓዳ አዛወሩት።


ሚያዝያ 16

ፋሲካ አልፏል። አያ አራጌ ከነሁለት ጥርሳቸው ቤታችን መጡ። «ሐኪም ቤት ባጠጣሽኝ ወተት ጾሜን ያስገደፍሽኝ አንቺ ነሽ፤ የንስሐ አባቴ ሁለት ሱባዔ አስያዙኝ» አሉኝ።

«እኔ እኮ ነፍስዎን አተረፍኩልዎ!»

«መጀመሪያ ልትገድይኝ፣ ኋላ ልታተርፊኝ። ሥራ ፈት!» ተሳሳቅን። እጃቸውን ልስም ጎንበስ ስል ራሴን ዳበሱኝ።

እማ አሁን ድብብቆሹን ትታዋለች፤ ጮክ ብላ ነው የምትነግረኝ። «ኩልሱሜ፣ ዝናቡ ጀመረ፣ አፈሩ ሸተተ።» «ኩልሱሜ፣ የየሺእመቤት ቅቤ ተነጠረ፣ ኮረሪማ አብዝታበታለች።» «ኩልሱሜ፣ የውበቱ ሽቶ ከሱ ቀድሞ በር ደረሰ።» ልክ እንደ ደረቱ። አንዳንዱ ሽታ በስሙ ብቻ ትዝ ይለኛል፤ ኮረሪማ ትላለች እኔም ኮረሪማ እላለሁ፣ ከዚያ ትንሽ ነገር ጉሮሮዬ ሥር ይመጣል፣ መልሶ ይሄዳል።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ጅዳን ጠረጴዛ ላይ ፈትቼ ሽቦ ስበይድ እማ ከኩሽና ጮኸች፦

«ኩልሱም! ሽሮው! ሽሮው አረረ!»

ሶልደሩን ወርውሬ፣ በርጩማውን አገላብጬ፣ አንድ ጫማ ብቻ አድርጌ ሮጥኩ።

ምድጃው ቀዝቃዛ ነው። ድስቱ ታጥቦ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። እማ ጥግ ላይ ቁጭ ብላ አፏን በነጠላዋ ይዛ ትንቀጠቀጣለች። አለቀሰች ብዬ ደነገጥኩ።

ሳቅ ነበር። ዕንባዋ እስኪወርድ ትስቃለች። እናቴ በእኔ ቀለደችብኝ።